የአውሮፕላን አምራቾች ፍላጎት እንዴት የአሜሪካ ሕግ ይሆናል?

የመነሻው ጥያቄ

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ በተነሣ በደቂቃዎች ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ የተሳፈሩት 157 ሰዎች በሙሉ ማለቃቸውን የማያስታውስ አንባቢ እዚህ የለም። ከዚያ አራት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ ኦክቶበር 29 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.፣ ሞዴሉ ተመሳሳይ (ቦይንግ 737 ማክስ) የሆነ የላየን ኤር አውሮፕላን ከጃካርታ ተነሥቶ ባሕር ውስጥ በመግባቱ 189 ሰዎች ሞተዋል። በአንድ ሴንሰር የተሳሳተ መረጃ ተነሥቶ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች ስለሚገፋው ኤምካስ ስለተባለው ሶፍትዌር ብዙ ተጽፏልና አልደግመውም። የእኔ ጥያቄ ዋሽንግተን ውስጥ ስለሚሠራው ሥራ ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ላየን ኤር ከመውደቁ 24 ቀናት ቀደም ብሎ፣ ኦክቶበር 5 ቀን 2018፣ የአሜሪካን የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር (ኤፍኤኤ) ሥልጣንና በጀት የሚያድስ ሕግ ተፈረመ። ሕጉ የአውሮፕላንን ደኅንነት የማረጋገጥ ሥራ በውክልና ለአምራቹ ለራሱ ሠራተኞች የሚሰጥበትን አሠራር አስፍቶታል፤ ይህም የአውሮፕላን ኢንዱስትሪው ለዓመታት ሲወተውትለት የቆየ ጉዳይ ነው። 737 ማክስ የብቃት ማረጋገጫውን ያገኘው በ2017 ስለሆነ ይህ ሕግ አደጋዎቹን አመጣ አልልም። የምለው፣ የቁጥጥሩ ድክመት በሰው ሕይወት ሊገለጥ ሳምንታት ሲቀሩት ሕግ አውጪው ቁጥጥሩን ይበልጥ የሚያላላ አንቀጽ አጽድቆ እንደነበር፣ አውሮፕላኑ ላይ የሚሳፈረው ሕዝብ ግን ስለዚያ አንቀጽ ሰምቶ እንደማያውቅ ነው።

ስለዚህ የአንድ ኩባንያ ፍላጎት በየትኛው መንገድ አልፎ የአገር ሕግ ይሆናል? መንገዱን መዝጋት ይሻላል ወይስ ሌላውም እንዲሄድበት ማድረግ? እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ከገንዘቡ በላይ የሚያስፈራኝ አንቀጹ ሲረቀቅ የሚያውቅ ሰው ከአንድ ወገን ብቻ መገኘቱ ነው። ለዚህ ጥያቄ የደረሱት ምላሾች ስለበዙ፣ አዲስ የሚመጡ አንባቢዎች የውይይቱን ክር መከታተል እንዲችሉ የየአንዳንዱን ሐሳብ በራሴ አገላለጽ በቅደም ተከተሉ አስፍሬዋለሁ።

ምላሽ 1

የመጀመሪያው ጸሐፊ በጨዋነት አመስግነው፣ መንገዱን መዝጋት የሚለው አማራጭ በአሜሪካ ከመነሻው እንደማይሠራ አስረድተዋል። የሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ ማሻሻያ ለመንግሥት አቤቱታ የማቅረብን መብት ያረጋግጣል፤ በዚህ መብት ግለሰብም፣ ማኅበርም፣ ኩባንያም ይጠቀማል። ስለዚህ ኮንግረስ ሎቢን (ሕግ አውጪዎችንና ባለሥልጣናትን መወትወትን) ከመከልከል ይልቅ ማስመዝገብን መርጦ በ1995 የሎቢ ሥራ ይፋ የሚደረግበትን ሕግ አወጣ፣ በ2007ም አጠናከረው። የፌዴራል መንግሥት ኮንትራት የያዘ ኩባንያ ለፌዴራል ምርጫ ከራሱ ካዝና መስጠት እንደማይችል፣ ነገር ግን ኃላፊዎቹና ሠራተኞቹ በሚያዋጡበት የፖለቲካ ኮሚቴ በኩል ለእጩዎች እንደሚሰጥም ጨምረዋል።

ምላሽ 2

ሁለተኛው ምላሽ ከሁሉም የበለጠ የተማርኩበት ነው። ጸሐፊዋ የሎቢ ሪፖርቶችን በሥራቸው አጋጣሚ አዘውትረው የሚያነቡ ይመስላሉ፤ ቅጹን ከላይ እስከ ታች ዘርዝረውታል። ሪፖርቱ በየሩብ ዓመቱ ይቀርባል፤ ሩብ ዓመቱ ባለቀ በቀጣዩ ወር እስከ 20ኛው ቀን ድረስ ማለት ነው። ከላይ የሎቢ ድርጅቱና የደንበኛው ስም ይጻፋል። ቀጥሎ የገንዘቡ መጠን ወደ ቅርቡ 10,000 ዶላር ተጠጋግቶ ይሰፍራል። ከዚያ የጉዳዩ ዓይነት በሦስት ፊደላት መለያ ይገለጻል፤ ለአቪዬሽን አንድ፣ ለመከላከያ ሌላ፣ ለበጀት ሌላ መለያ አለ። ከሥሩ የረቂቅ ሕጉ ቁጥርና አጠር ያለ መግለጫ፣ ከዚያ የተነጋገሩት ተቋም ስም፣ መጨረሻ ላይ የሎቢስቶቹ ስምና ከዚህ በፊት በመንግሥት የያዙት ኃላፊነት ይገኛል።

የጸሐፊዋ ዋና ነጥብ ግን ቅጹ ላይ የሌለው ነው። የተቋሙ ስም በሚጠየቅበት ቦታ ሴኔት ወይም የተወካዮች ምክር ቤት ብሎ መጻፍ ይበቃል፤ የትኛው ሴናተር፣ በየትኛው ቀን፣ ምን ተጠየቀ፣ ምን ዓይነት ጽሑፍ ተሰጠው የሚል መስመር የለም። በዚያ ላይ ለአንድ ደንበኛ ከሥራ ጊዜው 20 በመቶ በታች የሚያውል ሰው እንደ ሎቢስት እንዲመዘገብ አይገደድም። የኩባንያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ለባለሥልጣን ስልክ ሲደውል ስሙ በቅጹ ላይ የማይታየውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ምላሽ 3

ሦስተኛው ጸሐፊ በሁለት መስመር ነገሩን ሁሉ ጉቦ ብለውታል። ቅጽ ተሞልቶለት ሕጋዊ ልብስ የለበሰ ጉቦ ነው፣ የቀረው ሁሉ ራስን ማታለል ነው የሚል ሐሳብ ነው የጻፉት።

ምላሽ 4

አራተኛው ሦስተኛውን አርመዋል። ጉቦና ሎቢ ሲቀላቀሉ ሁለቱንም መቆጣጠር ያቅታል ባይ ናቸው። እውነተኛ ጉቦ ምን እንደሚመስል ለማሳየት ወደ 1976 ወሰዱን፤ በሴናተር ፍራንክ ቸርች የሚመራው ንዑስ ኮሚቴ የአሜሪካው አውሮፕላን አምራች ሎክሂድ አውሮፕላኖቹን ለመሸጥ በውጭ አገር ለባለሥልጣናት በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር መክፈሉን ይፋ አወጣ። በጃፓን የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ታናካ ካኩዌ ታሰሩ፣ በኔዘርላንድስ ልዑል በርንሃርድ ኃላፊነቶቻቸውን ለመልቀቅ ተገደዱ፣ በቀጣዩ ዓመት በ1977 አሜሪካ ለውጭ ባለሥልጣን ጉቦ መስጠትን የሚከለክለውን ሕግ አወጣች። ነገሩ የአሜሪካ ብቻ አለመሆኑን ለማስታወስም፣ ኤርባስ በጃንዋሪ 2020 ለፈረንሳይ፣ ለብሪታንያና ለአሜሪካ በጠቅላላው 3.6 ቢሊዮን ዩሮ ያህል ለመክፈል ተስማምቶ የጉቦ ክሱን መዝጋቱን ጠቅሰዋል። ሕግ እንዲህ ያለውን ይቀጣል፤ በሕግ ፈቃድ የሚሠራው ውትወታ ግን የሚቀጣ ነገር ስለሌለው ሌላ ዓይነት ጥበቃ ይፈልጋል ሲሉ ደምድመዋል። ተስማምቻለሁ።

ምላሽ 5

አምስተኛው ጸሐፊ በወጣትነታቸው በአንድ የምክር ቤት አባል ቢሮ ውስጥ በረዳትነት መሥራታቸውን ገልጸው ያዩትን ተርከዋል። መከላከያ፣ ትራንስፖርትና ሌሎች ሁለት ጉዳዮች በአንድ ላይ የተሰጡት ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ብዙ ያልቆየ ሠራተኛ ነበር። የኩባንያው ሰዎች ሲመጡ ማንንም አያስፈራሩም፣ ስጦታም አያመጡም፤ ሲወጡ ጠረጴዛው ላይ አንድ ገጽ ወረቀት ትተው ይሄዳሉ። በወረቀቱ አናት የፕሮግራሙ ስም፣ መሐል ላይ በዚያ የምርጫ ክልል የሚገኙ ንዑስ ተቋራጮች ዝርዝርና የሠራተኞቻቸው ብዛት፣ ግርጌው ላይ ደግሞ በሕጉ ውስጥ እንዲገባ የሚፈለገው ዓረፍተ ነገር ለመቅዳት ተዘጋጅቶ ተጽፏል። ያ ወጣት ሠራተኛ በሚቀጥለው ሳምንት ለአለቃው ማስታወሻ ሲያዘጋጅ በእጁ ያለው ብቸኛ የተደራጀ መረጃ ያ ወረቀት ነው።

ምሳሌ ያደረጉት ኤፍ-22 ተዋጊ አውሮፕላን ነበር። ሎክሂድ ማርቲን ምርቱ እንዳይቆም ሲከራከር ፕሮግራሙ በ44 ግዛቶች ውስጥ ለ95,000 ሰዎች ሥራ እንደሚሰጥ ይናገር ነበር። አውሮፕላኑ ለየትኛው ጦርነት ያስፈልጋል የሚለው ጥያቄ ከዚህ አኃዝ ኋላ እንደቀረ ጸሐፊው በቁጭት አስታውሰዋል።

ምላሽ 6

ስድስተኛው ወዲያውኑ የኤፍ-22ን ታሪክ እስከ መጨረሻው እንዲነገር ጠይቀዋል፤ ምክንያቱም ኩባንያው ተሸንፏል። የመከላከያ ሚኒስትሩ ሮበርት ጌትስ ምርቱ በ187 አውሮፕላኖች ይቁም አሉ፣ ጁላይ 21 ቀን 2009 ሴኔቱ ለተጨማሪ ሰባት አውሮፕላኖች ተይዞ የነበረውን 1.75 ቢሊዮን ዶላር በ58 ለ40 ድምፅ ሰረዘ። በተመሳሳይ መንገድ ጄኔራል ኤሌክትሪክና ሮልስ ሮይስ ለኤፍ-35 ያዘጋጁት የነበረው ሁለተኛ ሞተር፣ ፔንታጎን አልፈልገውም እያለ ኮንግረስ ለዓመታት በጀት ሲመድብለት ከቆየ በኋላ በ2011 ቆሟል። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው ሎቢስቶች ሁሉን ቻይ ናቸው የሚለው አስተሳሰብ ሰውን ተስፋ ከማስቆረጥ በስተቀር ጥቅም የለውም ብለዋል።

ምላሽ 7

ሰባተኛው ድምፃቸው ከረር ያለ ነበር። ስድስተኛው ሁለት ሽንፈት ቆጥረው ድሎቹን በሙሉ ዘለዋል ብለው ጀመሩ። አየር ኃይሉ አላዘዝኩም እያለ ኮንግረስ ዓመት ከዓመት ይጨምርለት የነበረውን ሲ-17 የተባለውን የጭነት አውሮፕላን አነሡ። ኤፍ-22 የቆመውም ፕሬዚዳንት ኦባማ በጀቱን በቬቶ እንደሚጥሉ በግልጽ ስለዛቱ ነው፤ እያንዳንዱን አንቀጽ ለማስቆም ፕሬዚዳንት የሚያስፈልግ ከሆነ ሥርዓቱ ታሟል ማለት ነው ሲሉ ተከራከሩ። ክርክራቸው ክብደት አለው፤ ስድስተኛውን ጸሐፊ የኩባንያ ጠበቃ ማለታቸው ግን አስፈላጊ አልነበረም።

ምላሽ 8

ስምንተኛዋ ጸሐፊ ሁለቱም ወገኖች በሩን ረስተውታል ብለው ከመንግሥት ወደ ኩባንያ፣ ከኩባንያ ወደ መንግሥት የሚደረገውን ምልልስ አመጡ። ጄምስ ማቲስ የመከላከያ ሚኒስትር ከመሆናቸው በፊት በጦር መሣሪያ አምራቹ ጄኔራል ዳይናሚክስ ቦርድ ነበሩ፤ ተጠባባቂ ሚኒስትር የነበሩት ፓትሪክ ሻናሃን ከቦይንግ መጡ፤ ማርክ ኤስፐር የሌላው ጦር መሣሪያ አምራች የሬይቲዮን የመንግሥት ግንኙነት ኃላፊ ነበሩ፤ ሎይድ ኦስቲን በሬይቲዮን ቦርድ ተቀምጠዋል። አራቱም በተለያየ ጊዜ ፔንታጎንን መርተዋል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው አባባል እዚያ አይሠራም፣ የሚበላው ከተሻረ በኋላ ነውና ብለው የዳርሊን ድሩየንን ታሪክ ዘርዝረዋል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በዲሴምበር 2001 በመከላከያ በጀት ሕግ ውስጥ አየር ኃይሉ 100 የቦይንግ 767 አውሮፕላኖችን፣ በአየር ላይ ነዳጅ ለመሙላት፣ በኪራይ እንዲወስድ የሚፈቅድ አንቀጽ ገባ። ድርድሩን በአየር ኃይሉ በኩል የያዙት ድሩየን፣ ልጃቸውና የልጃቸው ባል ቦይንግ ውስጥ እየሠሩ፣ በ2002 ከኩባንያው የፋይናንስ ኃላፊ ጋር ስለ ራሳቸው ቅጥር በምስጢር ተነጋገሩ፤ በ2003 መጀመሪያ ቦይንግ ገቡ። ሴናተር ጆን ማኬይን ውሉን አጥብቀው ስለመረመሩት ነገሩ ወጣ። ድሩየን ዘጠኝ ወር፣ የፋይናንስ ኃላፊው አራት ወር እስራት ተፈረደባቸው፤ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ለቀቁ፤ ኩባንያው በ2006 ለመንግሥት 615 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ጸሐፊዋ እንዳሉት ማኬይን ባይኖሩ ኖሮ ውሉ ይፈጸም ነበር፤ አንቀጹ በበጀት ሕጉ ውስጥ ሲገባ ያስተዋለው ሰው ጥቂት ነበርና።

ምላሽ 9

ዘጠነኛው ጸሐፊ መሐንዲስ መሆናቸውን ገልጸው ያልተወደደ ግን መሰማት ያለበት ሐሳብ አቀረቡ። አውሮፕላንን የሚያውቀው የሠራው ሰው ነው። መንግሥት የእያንዳንዱን ብሎንና የእያንዳንዱን የሶፍትዌር መስመር የሚፈትሽ ሠራተኛ ልቅጠር ቢል ደመወዙንም ልምዱንም አያገኝም፤ ስለዚህ ውክልና ከቦይንግ ውትወታ በፊት ለአሥርት ዓመታት የነበረ አሠራር ነው። ኮንግረስም ቢሆን ሲጠይቅ የሚመልስለት ኢንዱስትሪው ብቻ ከሆነ የራሱ ጥፋት ነው፤ በ1972 ያቋቋመውንና ለሕግ አውጪዎች ገለልተኛ የቴክኒክ ጥናት ያቀርብ የነበረውን የቴክኖሎጂ ምዘና ቢሮ በ1995 በጀቱን ነፍጎ ዘግቶታል። እኔ ይህን ነጥብ ከክሩ ሁሉ ቁልፍ አድርጌ እወስደዋለሁ። ወረቀት ይዞ የሚመጣ እንግዳ በምላሽ 5 የተገለጸውን ያህል ኃይል የሚያገኘው፣ ወረቀቱን የሚመረምር ባለሙያ ከቤቱ ስለተባረረ ነው።

ምላሽ 10

አሥረኛው ጸሐፊ ተቆጥተዋል፤ ቁጣቸውም ይገባኛል። ለዘጠነኛው ሲመልሱ ከእርስዎ ወደ አንተ ወርደው፣ 346 ሰው ከሞተ በኋላ ስለ መሐንዲስ ደመወዝ ማውራት ነውር ነው አሉ። ኤምካስ ከአብራሪዎች ማንዋል ውስጥ እንዲቀር የተደረገው አዋቂ ስለጠፋ አይደለም፤ አብራሪዎች በሲሙሌተር ይሠልጥኑ ቢባል ቦይንግ ለሳውዝዌስት አየር መንገድ በአንድ አውሮፕላን 1 ሚሊዮን ዶላር ቅናሽ ሊያደርግ ቃል ገብቶ ስለነበር ነው፤ ይህም በምክር ቤቱ የትራንስፖርት ኮሚቴ ምርመራ ተረጋግጧል ሲሉ አስታወሱ። ማርች 12 ቀን 2019፣ አገሮች አውሮፕላኑን እያገዱ ሳለ፣ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ዴኒስ ሙይለንበርግ ለፕሬዚዳንቱ ደውለው አውሮፕላኑ አስተማማኝ እንደሆነ ተናግረዋል፤ አሜሪካ ያገደችው በማግስቱ ነው። ዘጠነኛው ጸሐፊ አጭር መልስ ሰጥተው፣ ዕውቀት ከአምራቹ ጋር መሆኑን መግለጽ አምራቹን ነፃ ማውጣት እንዳልሆነ አስረዱ። እኔም በዚህ ጊዜ ተሳታፊዎች ሁሉ አክብሮት እንዲጠብቁ ለመጠየቅ ተገድጃለሁ።

ምላሽ 11

አሥራ አንደኛዋ ጸሐፊ ክሩን ወደ ጥያቄዬ ሁለተኛ ክፍል መለሱት። ኩባንያዎች በሚሄዱበት በዚያው መንገድ የሟቾች ቤተሰቦችም ሄደዋል። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2009 የኮልጋን ኤር በረራ ቡፋሎ አቅራቢያ ወድቆ 50 ሰዎች ከሞቱ በኋላ ቤተሰቦቻቸው ኮንግረስ እየተመላለሱ፣ በ2010 የወጣው ሕግ ረዳት አብራሪዎችም በመሠረቱ 1,500 የበረራ ሰዓት እንዲኖራቸው አስገድዷል። የበረራ 302 ቤተሰቦችም የልጆቻቸውንና የትዳር ጓደኞቻቸውን ፎቶግራፍ ይዘው የምክር ቤት ስብሰባዎች ላይ ተቀምጠዋል፤ ከባለሙያዎች ጋር ሆነው አንቀጾችን አጥንተዋል፤ ምን እንዲለወጥ እንደሚፈልጉ በጽሑፍ አቅርበዋል። የዲሴምበር 2020 ሕግ የተገኘው እንዲህ ነው። ሕጉ በአምራቹ ውስጥ ሆነው በውክልና የሚሠሩ ባለሙያዎችን ሹመት ኤፍኤኤ እንዲያጸድቅ አዟል፤ የኤፍኤኤ ሠራተኞች የአምራቹን የጊዜ ሰሌዳ በመጠበቃቸው ጉርሻ እንዳይሰጣቸው ከልክሏል፤ ለጠቋሚዎችም ጥበቃ ጨምሯል።

ጸሐፊዋ ያከሉት አንድ ነገር ደግሞ ሊሰመርበት ይገባል። ይህ መልካም ሕግ ራሱን ችሎ አልወጣም፤ 5,593 ገጽ ባለው የበጀትና የወረርሽኝ ድጋፍ ሕግ ውስጥ ገብቶ ነው ያለፈው። ማለፍ የግድ በሆነ ሕግ ላይ መንጠላጠል የኩባንያዎች ብቻ ዘዴ አይደለም ማለት ነው።

ምላሽ 12 እና 13

ሁለቱ ከጉዳዩ ትንሽ ራቅ ብለዋል። አንዱ በ2024 የወጣው የኤፍኤኤ ሕግ የአብራሪዎችን የጡረታ ዕድሜ ከ65 ወደ 67 ከፍ ሊያደርግ ሲል በትልቁ የአብራሪዎች ማኅበር ተቃውሞ መቅረቱን፣ ሌላው ደግሞ ዴልታና ዩናይትድ አየር መንገዶች በዋሽንግተኑ ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተጨማሪ በረራ ይፈቀድ አይፈቀድ በሚል ተቃራኒ ወገን ይዘው መሟገታቸውን አንሥተዋል፤ በመጨረሻ አምስት የደርሶ መልስ በረራዎች ተፈቅደዋል። ከዚህ የወሰድኩት፣ ተፎካካሪ ኩባንያዎች እርስ በርስ ሲወተውቱ ጉዳዩ ጋዜጣ ላይ እንደሚወጣ ነው። ተቃዋሚ የሌለው አንቀጽ ግን ድምፅ ሳያሰማ ያልፋል።

ምላሽ 14

አሥራ አራተኛው ጸሐፊ የ2020ው ሕግ ብዙም ሳይቆይ መሸራረፉን አመለከቱ። ሕጉ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚጸድቁ አውሮፕላኖች ዘመናዊ የአብራሪ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት እንዲኖራቸው ያዛል፤ ቦይንግ ማክስ 7ንና ማክስ 10ን በቀነ ገደቡ ማስጸደቅ ስላልቻለ ነፃ እንዲደረጉለት ወተወተ። በመጀመሪያ ከመከላከያው ሕግ ጋር ለማያያዝ ተሞክሮ አልተሳካም፤ በዲሴምበር 2022 መጨረሻ ግን 4,155 ገጽ ባለው የበጀት ሕግ ውስጥ ገባ። ቤተሰቦቹ ተቃውመዋል። አሥራ አንደኛዋ ጸሐፊ ተመልሰው፣ ሴናተር ማሪያ ካንትዌል በዚያው አንቀጽ ላይ ተጨማሪ የደኅንነት መሣሪያዎች በቀድሞዎቹ ማክሶችም ላይ እንዲገጠሙ የሚያስገድድ ቅድመ ሁኔታ ማስገባታቸውን ጠቅሰው፣ ሙሉ ሽንፈት ነው ማለት አይቻልም አሉ። አሥራ አራተኛው አልተቀበሏቸውም። እኔ በዚህ ላይ ከአሥራ አራተኛው ጋር ነኝ፤ ቅድመ ሁኔታው በራሱ ጥሩ ቢሆንም የሟቾች ቤተሰቦች ሁለት ዓመት የደከሙበት ቀነ ገደብ በበዓላት ሰሞን በተጣደፈ ሕግ ውስጥ መነሣቱ ያሳዝነኛል።

ምላሽ 15

የመጨረሻው ጸሐፊ መፍትሔ አቅርበዋል። ለአንድ አካባቢ ፕሮጀክት ገንዘብ እንዲመደብ የሚጠይቅ የምክር ቤት አባል በአሁኑ ሥርዓት ስሙን አስመዝግቦ፣ በጉዳዩ የገንዘብ ጥቅም እንደሌለው አረጋግጦ ነው የሚጠይቀው። ይኸው ግዴታ ገንዘብ ለማይመድቡ፣ ነገር ግን ለአንድ ኩባንያ ብቻ ለሚጠቅሙ አንቀጾችም ይሁን፤ አንቀጹን የጠየቀው አባል ስምና ጽሑፉን ያቀረበለት አካል አብረው ይውጡ የሚል ነው። ሰባተኛው ጸሐፊ ኩባንያዎች ጽሑፉን በንግድ ማኅበር ስም ያቀርቡታል ብለው ተቃወሙ። ሊያደርጉት ይችላሉ፤ የምክር ቤት አባሉን ስም ግን መደበቅ አይችሉም፤ ይህ ግዴታ ቢኖር ኖሮ የበረራ 302 ቤተሰቦችም በ2022 ከዚያ ስም ተነሥተው ወደ ማን ቢሮ መሄድ እንዳለባቸው ያውቁ ነበር።

ክሩ ክፍት ነው። አሁን ያለው የኤፍኤኤ ሕግ በሴፕቴምበር 2028 ያበቃል፤ የሚተካው ሕግ አንቀጾች ከዚያ ብዙ ቀደም ብለው መረቀቅ ይጀምራሉ። ስለ ውክልናው አሠራር ዕውቀት ያላችሁ ተሳታፊዎች፣ በተለይም ዘጠነኛው ጸሐፊ፣ የ2020ውን ሕግ የውክልና አንቀጾች እዚህ አንድ በአንድ እንድታብራሩልን እለምናለሁ።